ሀምዳን ሞተሩን እየገፋ ሲመጣ

የሰደበኝ ታረቀኝ ዋለ ነው። ቀኑ የ2013 ዓ.ም. የጥምቀት ማግሥት፣ ረቡዕ። ቦታው የሰንበሌጥ ምንጭ፣ ከብቶች ከሚጠጡበት ገንዳ ትንሽ ከፍ ብሎ። ጀሪካኔን ሞልቼ ክዳኑን እያጠበቅሁ ነበር። ውሃ ሊቀዱ የመጡ ሴቶች ነበሩ፤ የክፍሌ ልጆችም ነበሩ። ታረቀኝ ድንጋይ ላይ እግሩን አንፈራጥጦ እንደተቀመጠ፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ እንዲህ አለኝ፦

«ሰላሀዲን፣ ሌላው ሰው ሞተር ላይ ይወጣል። ያንተ አጎት ላይ ግን ሞተሯ ናት የወጣችበት።»

ልጆቹ ሳቁ። ሳቁ ስላልበቃው ጨመረበት፦ «በሬ ገዝቶ ቢሆን እኮ በሬው ራሱ ዳገቱን ይወጣለት ነበር።»

ጀሪካኑን ተሸክሜ ሄድኩ። ቤት ስደርስ ክዳኑን በደንብ እንዳላጠበቅሁትና ጀርባዬ እስከ ተረከዜ እንደራሰ አየሁ።

ሰው «የልጅ ነገር ነው፣ ተወው» ይለኛል። ይበል። እኔ ደግ የዋለልኝን ልረሳ እችላለሁ፤ የሰደበኝን ግን ከነቀኑ፣ ከነለበሰው ልብስ ነው የማስታውሰው። ታረቀኝ ክርኑ ላይ የተተረተረ አረንጓዴ ሹራብና የአባቱን ኮፍያ አድርጎ ነበር። ሰባተኛ ክፍል ላይ «ይሄ ልጅ ወንበር ለማሞቅ ነው የሚመጣው» ያለኝን የሒሳብ አስተማሪም አልረሳሁትም። ከሰባተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ስለዚህ አባባሌ ቢሻክር አንባቢ ይታገሠኝ። የምጽፈው ሌሊት እንቅልፍ ስለሚነሳኝ፣ ቀንም ቁጭ ማለት ስለማልችል ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ሞተሯ ልንገራችሁ።

ሀምዳን የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ሐይቅ ከተማ አስፋልቱ ዳር ጎማና ዘይት የሚሸጥበት ሱቅ አለው። ከዚያ በፊት በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ይነዳ ነበር። ለውጥ መጣ በተባለበት ሰሞን፣ ሰው ሁሉ የፈለገውን መናገር፣ የፈለገበት መድረስ የሚችል በመሰለው ጊዜ፣ በሚሌ በኩል አንዲት ቀይ ሞተር ይዞ መጣ። የሐይቅ ሰው እስከዚያ ቀን ሞተር ሲባል የሚያውቀው ቀጫጭኑን፣ እንደ ፌንጣ የሚንጣጣውን ነው። ይቺ ስትነሳ ግን የሱቁ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ጎረቤት ያለው ፀጉር አስተካካይ ምላጩን ከደንበኛው አንገት ላይ ያነሳና እስክታልፍ ይጠብቃል። ሀምዳን የሞተሯን ጉልበት፣ ሲሲዋን፣ ሲናገር የሚያምነው ሰው አልነበረም፤ «የመኪና ሞተር ነው የገጠሙላት» ይሉ ነበር።

መጀመሪያ ያፈናጠጠኝ ቀን ከፊቱ፣ ነዳጅ ጋኑ ላይ አስቀመጠኝ። ከሐይቅ ወጥተን የወልዲያን አስፋልት ስንይዝ «አፍህን ዝጋ» አለኝ። አልዘጋሁትም። ነፋሱ ገብቶ ጉንጬን እንደ ከረጢት ነፋው። መጮኽ ፈለግሁ፤ ድምፄ ከኋላ ቀረ። ሐይቁ በጎኔ በኩል እንደተወረወረ ሳህን አብረቅርቆ አለፈ። ስወርድ እግሬ መሬት አልያዝ ብሎኝ ወደ ጭስ ማውጫው ተደገፍኩና ባቴን ላሰኝ። ቆዳዬ ተላጠ። አላለቀስኩም። ጠባሳውን ሱሪዬን እየሰበሰብኩ ለክፍል ልጆች ሳሳይ ከረምኩ።

የሰርግ መኪና የምትመራው እሷ ሆነች። በለውጡ ሰልፍ ላይ ባንዲራ ታስሮባት ከፊት ቀደመች። ሀምዳን መነጽሩን አድርጎ፣ አንድ እጁን ጭኑ ላይ ጥሎ ሲያልፍ፣ ያ ሰው የኔ አጎት መሆኑን የማያውቅ ካለ ብዬ ስሙን እየጠራሁ እከተለዋለሁ።

መከራዋም ያው ነው። ቤንዚን አትጠጣም፤ ትጋታለች። ወደ እኛ ወደ አምባሰል የሚያስወጣው ጠጠር መንገድ ላይ ከተኛች አራት ጎልማሳ ካልተጠራ አትነሳም፤ ከሁለት ኩንታል እህል ትከብዳለች። አንዲት ገመድ ብትበጠስባት ከረመዳን እስከ አረፋ መለዋወጫ ጠበቀ። የታመመ ያለበት፣ ምጥ የያዛት ያለበት፣ ፍርድ ቤት የዘገየበት ሁሉ የሱቁን በር ይደበድባል። እንቢ ቢል «ያን ያህል ጉልበት ይዞ» ይሉታል። ከሁሉ የከፋው ግን ድምጿ ነው። ሌላው ሰው የትም ገብቶ የትም ቢወጣ ማን ያውቃል? ሀምዳን ግን ከሐይቁ ዳር እስከ ተራራው ጫፍ የት እንደሄደ አገር ይሰማዋል። ኢልሀም የምትባል ልጅ ወዶ ነበር። ገና ቀዬዋ ሳይደርስ አባቷ ድምፁን ሰምተው፣ ዱላቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው ጠበቁት። «እንኳን ደህና መጣህ፣ ከታች ከአስፋልቱ ጀምሮ እየሰማሁህ ነው» አሉት። ነገሩም እዚያው ቀረ።

አባቴ ኑርዬ ሞተሯን አይወዳትም ነበር። እርሻውን ወዳድ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። አንድ ቀን ዙሪያዋን ዞሮ ካያት በኋላ «ሀምዳን፣ ይቺ ምስጢር አትይዝም» አለው። ሀምዳን ሳቀ፤ «ምን ምስጢር አለኝና» ብሎ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ተነሳ። አባቴ ሚሊሻ ነበር፤ ኅዳር ላይ ከሌሎቹ ጋር መኪና ተሳፍሮ ወደ ሰሜን ሄደ። ሲሄድ የነገረኝ «እናትህን አታስቸግር» የሚል ብቻ ነው። ሌላ ነገር ጠብቄ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከእሱ ድምፅ አልሰማንም፤ ስልክ የለም፣ ደብዳቤ የለም። እናቴ መስኡዳ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ሰግዳ ስትነሳ እጇን እንደዘረጋች ትቆያለች። እኔም ትምህርት ቤት የምሄደው፣ የምመለሰው፣ የምበላው አባቴን እየጠበቅሁ ነበር፤ አንድ ቦታ አምስት ደቂቃ መቀመጥ አቃተኝ።

አንድ ቀን ከትምህርት ስመለስ ጋሽ ዋለ እኛ ቤት ተቀምጠዋል። ጋሽ ዋለ የታረቀኝ አባት ናቸው፤ የቅሬው፣ ማለት የእድሩ፣ ዳኛ። በእኛ ቀዬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቀባሪው አንድ ቅሬ ነው። ሀምዳን ከፊታቸው መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የሞተሯን ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል።

«ቅሬው መክሮ ነው የላከኝ» አሉ ጋሽ ዋለ።

«እኔን ተዉኝ ጋሽ ዋለ። ሌላ ሰው ፈልጉ።»

«ማንን? በእግሩ የሚሄደው እስኪደርስ ፀሐይ ትወጣለች፤ ሰው ወደየሥራው ይበተናል። ነገሩ ሰው ቤቱ ሳለ፣ በማለዳ እንደሚባል አንተም ታውቃለህ። ቀበሌው ደግሞ የአሥር መንደር ነው የሚያመጣልን። ጉልበት ያላት ያንተ ናት።»

«ለዚህ አይደለም የገዛኋት።»

«ለዚህ ብሎ የሚገዛ አለ እንዴ ልጄ?»

እናቴ ከጓዳ በር ላይ ቆማ «ወንድምዓለም፣ ቅሬ እንቢ አይባልም» አለች። «ነገ የኛን ማን ይቀብራል?»

ቁልፉ መሽከርከሩን አቆመ። «እሺ» አለ፤ ወደ ማንም ሳያይ።

እኔ የገባኝ ሹመት ነው። ቀበሌ፣ በማለዳ፣ አሥር መንደር፣ ጉልበት ያላት። ሀምዳን የመንግሥት ምስጢር አድራሽ ሆኖ ተሾመ ብዬ ደመደምኩ። ፊቱ የጠቆረው ምስጢሩ ከብዶት ነው አልኩ። በማግሥቱ ትምህርት ቤት ሄጄ «ስለ ጦርነቱ የሚመጣው ነገር ሁሉ በአጎቴ እጅ ነው የሚያልፈው» ብዬ ተናገርኩ። ሐሰት አልነበረም፤ እኔ ግን ምን እንዳልኩ አላወቅሁም።

ከዚያ በኋላ ጎሕ ሲቀድ ድምጿን እሰማለሁ። ከገደሉ ማዶ፣ በሌሎቹ መንደሮች በኩል፤ አንዴ ትጎላለች፣ አንዴ ትሰምጣለች። ብርድ ልብሴን ገፍትሬ እነሳለሁ። እናቴ ግን የበሩን መቃን በሁለት እጇ ይዛ ትቆማለች፤ ድምፁ ወደ ሌላ አቅጣጫ እስኪርቅ ድረስ አትነቃነቅም። ከዚያ «አለፈ» ብላ መደቡ ላይ ትቀመጣለች። ጩኸት ስለማትወድ ነው እል ነበር። ድሮም «ይቺ ሞተር ወንድሜን ትገድለዋለች» ስትል ሰምቻታለሁና።

አንድ ቀን፣ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ እኩለ ቀን ሲሆን ከማዶ መንደር ትልቅ ለቅሶ ተሰማ። የሞተሯም ድምፅ አብሮ ነበር፤ ለቅሶው ሲበረታ ግን ድምጿ ጠፋ። ጠፍቶም ቀረ። ሞተሯ እዚያ ተበላሸች አልኩ። ምናልባትም ሰው ገጭታ ነው፤ ለቅሶውም ለዚያ ነው አልኩ።

ጥርጣሬዬን ያጸናልኝ በሳምንቱ ያየሁት ነው። ሀምዳን በጠራራ ፀሐይ ሞተሯን እየገፋ ዳገቱን ይወጣል። ጃኬቱን ወገቡ ላይ አስሯል። ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል። ጫማው በጠጠሩ ላይ ይንሸራተታል፤ አንድ እርምጃ ሲወጣ ግማሿን ይመለሳል። ሮጬ ደረስኩበት።

«ድንጋይ አቀብለኝ» አለኝ እያለከለከ።

የኋላ ጎማዋ ሥር አስገባሁለት። ጋኗ ላይ ተደፍቶ ትንፋሹን ሰበሰበ። እኔ ዙሪያዬን አያለሁ፤ ማን እያየን ይሆን ብዬ። ታረቀኝ አጥር ላይ ተደግፎ ያየናል። ጎረቤታችን እትዬ እናትነሽ ከደጇ ወጥታ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ተመለከተች። ልጇ ከአባቴ ጋር ነው የዘመተው። ካየችው በኋላ አማተበች። «እሰይ፣ ተመስገን፣ እየገፋት ነው» አለች፤ ወደ ውስጥ ዞራም ለሰው ደገመችው፦ «እየገፋት ነው።» እናቴ ከጓሮ ብቅ አለች። ወንድሟ በላብ ተጠምቆ ሲንገዳገድ አይታ «አልሐምዱሊላህ» አለች።

የገዛ እህቱ። በዚያ ቃል ስንት ወር እንደተቀየምኳት አታውቅም። ሰው ሲወድቅ ደስ የሚላቸው ሰዎች መካከል ነው ለካ የተወለድኩት አልኩ።

ከእኛ በኋላ ማዶ የሚያደርሰው ዕቃ ስለነበረው፣ ለእናቴ ስኳርና ዘይት ካስረከበ በኋላ እንደገና ገፍቷት ሄደ። ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ከዓይናችን ከራቀ በኋላ የሆነ ነገር ሲያጉረመርም የሰማሁ መሰለኝ፤ ነፋስ ነው አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ እየገፋ ነው የሚመጣው። ሁልጊዜም ሴቶቹ ወጥተው ያዩትና አምላካቸውን ያመሰግናሉ። አንድ ቀን ድንጋዩን ጎማው ሥር እያስገባሁለት ጠየቅሁት።

«አልተሠራችም እንዴ?»

«ምኗ?»

«ሞተሯ። አትነሳም እንዴ?»

አየኝ። ሊስቅ ይሁን ሊቆጣ አልገባኝም። «ለዚህ መንደር አትነሳም» አለ።

«አጎቴ፣ አንድ ቀን ብቻ አስነስተህ ግባ። አንድ ቀን። ታረቀኝ ይስማ።»

«አላህ ያን ቀን አያምጣው» አለና ትከሻውን ለሞተሯ ሰጠ።

ተስፋ ቆርጧል ማለት ነው አልኩ። ሊያሠራት አይፈልግም። ጥምቀት መጣ፤ በማግሥቱ ታረቀኝ ምንጩ ላይ ያን ተናገረኝ።

ከማዶ የሆነውን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ ጢም አብቅዬ፣ ከሰው ጋር ተጣልቼ አንድ ቀን ቤት ስውል። እትዬ ፋና የሚባሉ ሴት ነበሩ፤ ልጃቸው ሙሉጌታ ዘምቷል። ሀምዳን ያን ቀን ወደ ማዶ የሄደው፣ ቅሬው እንደሚልከው፣ የዘማች መርዶ ይዞ አይደለም፤ የከብት መድኃኒት ለማድረስ ነው። ግን የሞተሯ ድምፅ እስከዚያ ቀን በየመንደሩ አንድ ነገር ብቻ ነበር ያመጣው። እትዬ ፋና ድምፁ ዳገቱን ሲይዝ ሻሻቸውን ጥለው ደጅ ወጡ። ሲደርስ መሬት ላይ ናቸው። «ኸረ እትዬ ፋና፣ ልጅዎ ደህና ነው፣ እኔ መድኃኒት ነው የያዝኩት» አላቸው። ይሄን ማለቱ ነገሩን አባሰው። በእኛ አገር መርዶ ነጋሪ በቀጥታ አይናገርም፤ «ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው፣ ቆስሎ ነው» እያለ ነው የሚጀምረው። እሱ እውነቱን በማለ ቁጥር ሰው ማባበል አድርጎ ሰማው። መድኃኒቱን ከቦርሳው አውጥቶ አሳየ፤ «አይ ሀምዳን፣ ምን ያለ ደግ ነው፣ ሰበብ ይዞ መጣ» አሉና ጭራሽ አለቀሱ። አንዱ ሽማግሌ ጆሮው ላይ ተጠግተው «በቃ ልጄ፣ አሁን ንገራቸው» አሉት። ምን ይንገር? ድንኳን ተጣለ። እትዬ ፋና ሙሉጌታ በገዛ እግሩ መጥቶ ደጃቸው እስኪቆም ድረስ ከል ለብሰው ከረሙ።

ሀምዳን ከዚያ በኋላ ነው ለራሱ ሕግ ያወጣው። መርዶ ካልያዘ በቀር ሸለቆው ውስጥ፣ ድምፅ ወደ ላይ በማይወጣበት፣ ወንዙ ጋ ያጠፋታል። ሰው መንደር ውስጥ እየገፋት ይገባል፤ እየገፋት ይወጣል። ትቷት እንዳይሄድ ማዶ ሊደርስባት ነው፤ ወንዙ ዳር ቢያቆማት ደግሞ በዚያ ጊዜ ከሌባ ማን ሊያስቀርለት። ሕጉን ለማንም አልተናገረም። ሴቶቹ ግን በሁለተኛው ቀን ገብቷቸዋል። ያልገባን እኔና ታረቀኝ ነን።

አሁን የየካቲቱን ልንገራችሁ።

ትምህርት ቤታችን ከታች አስፋልቱ ዳር ስለሆነ በማለዳ ነው የምወርደው። ፀሐይ ገና የሐይቁን ወለል አልነካችውም። ደብተሬን ብብቴ ሥር ይዤ መታጠፊያው ጋ ስደርስ ከወንዙ በኩል ድምጿ መጣ። ይጠፋል ብዬ ጠበቅሁ። አልጠፋም። ገደሉ ተቀብሎ ያበዛው ጀመር፤ እንደ አንድ ሞተር ሳይሆን እንደ አሥር ሆነ። ደረቴ ውስጥ ገባ። ዘለልኩ። ወላሂ፣ ደብተሬን ጥዬ ዘለልኩ።

ታጥፎ ብቅ አለ። ፊቱን በፎጣ ጠምጥሞታል፤ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው፤ ቀልቷል። አቧራ ነው አልኩ። አጠገቤ ሲደርስ ቆመ፤ ሞተሯን ግን አላጠፋትም።

«እናትህ ቤት ናት?»

«ናት። ተሠራች እንዴ?»

ወደ መንደሩ ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ተሠራች አይደል?» አልኩት ደግሜ።

ፎጣውን ከአፉ ላይ ዝቅ አደረገ። የሆነ ነገር ሊናገር ከንፈሩን አላቀቀ። መልሶ ገጠመው።

«ውጣ» አለኝ።

ጋኑ ላይ ወጣሁ። ክንዶቹ በግራና በቀኝ ከበቡኝ፤ ከሌላው ጊዜ ይልቅ አጥብቀው። መንደሩ ውስጥ እንደ ሰርግ ገባን። ውሾቹ ሸሹ። ሴቶቹ በየደጃፉ ወጡ። እትዬ እናትነሽ የያዘችውን ጣሳ ጥላ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች፤ ጩኸቷ ከሞተሯ ድምፅ ጋር ተደባልቆ እልልታ መሰለኝ። የእሷን ደጅ ስናልፍ ቁጭ አለች፤ መሬት ላይ። የሚቀጥለውም ደጅ ላይ እንዲሁ፤ ሴትዮዋ ቆማ ትጠብቀናለች፣ ስናልፋት ትቀመጣለች። ከዚያ በኋላ ነው የምታለቅሰው። ለሞተሯ እንዲህ ያለ አክብሮት አይቼ አላውቅም። ዛሬ የሚታየኝ ሌላ ነው፤ እያንዳንዷ ከእኔ በር ይቆም ይሆን እያለች ነበር የቆመችው። የተቀመጠችው ስላለፋት ነው። ያለቀሰችው ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ ስለገባት ነው።

ታረቀኝ አጥሩ ላይ ነበር። እሱን ነበር የምፈልገው።

«ታረቀኝ፣» አልኩት እየጮኽኩ፣ «አሁንስ ማን ላይ ማን ወጣ?»

ኮፍያውን አወለቀ። አሸነፍኩት አልኩ። ሳቅ ያዘኝ፤ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። በደጃችን ስንቆም፣ ሞተሯ ስትጠፋ፣ በዚያ ሁሉ ጸጥታ ውስጥ የቀረው የኔ ሳቅ ብቻ ነበር።

እናቴ የበሩን መቃን ይዛ ቆማለች። መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። ስስቅ አየችኝ። ያን ፊቷን ዛሬም አየዋለሁ፤ እኔ ስለሳቅሁ እሷም ልትስቅ ምንም አልቀራትም። አንድ ትንፋሽ ያህል ምሥራች መሰላት። ከዚያ ወንድሟን አየች።

ሀምዳን «ታሟል» አላለም። «ቆስሏል» አላለም። ከሞተሯም አልወረደም። ጋሽ ዋለ ሰዎች አስከትለው ከኋላችን ደረሱና በብብቴ ይዘው ከጋኑ ላይ አወረዱኝ። «ና ልጄ፣ ና ልጄ» ይላሉ። ለምን እንደሚያቅፉኝ አልገባኝም፤ አንገቴን አጣምሜ አሁንም ታረቀኝን እፈልግ ነበር።

ባባቱ መርዶ እየሳቀ የገባው ልጅ። ይሄ ስም ቀረብኝ። ማንም ፊት ለፊት አልጠራኝም፤ ግን ሰው ሲያየኝ ዓይኑ ውስጥ አለ። ታረቀኝ ከዚያ በኋላ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። እንዲያውም ሳይጠየቅ ለእናቴ ውሃ ይቀዳላት ነበር። ከስድቡ ይልቅ ያ ነው የሚከነክነኝ፤ መልስ የምሰጥበትን በር ዘጋብኝ። ሀምዳንን ግን አልማርኩትም። የሳቅሁት እኔ ልሁን እንጂ ጋኑ ላይ ያወጣኝ እሱ ነው። ሞኝ አደረገኝ፤ አገር ፊት።

በዓመቱ ጦርነቱ ራሱ ሐይቅ ድረስ መጣ። ሀምዳን ሞተሯን ፈታትቶ ጭድ ክምር ውስጥ ቀበራት። ሰላም ሲሆን ገጣጥሞ ሊሸጣት ፈለገ። አንድ የደሴ ሰው መጥቶ ሱቁ በር ላይ አስነሳት፤ ከማዶ ሱቅ አንዲት ሴት ጮኻ ወደቀች። ሰውዬው አጥፍቷት፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ጠያቂም የላት። በሱቁ ጥግ ሸራ ለብሳ ቆማለች፤ ጎማዋ ተንፍሷል።

እኔ አሁን ሐይቅ ውስጥ ባጃጅ ነው የምነዳው። በሱቁ ፊት በቀን ስንቴ አልፋለሁ፤ ቆሜ አላውቅም። ባለፈው ሐሙስ፣ የገበያ ቀን፣ ፊት ለፊቱ ሰው ሳወርድ ወጥቶ ጠራኝ።

«ሰላሀዲን፣ ግባ እስቲ።»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«አላቆይህም።»

ገባሁ፤ አልተቀመጥኩም። ሸብቷል። ጎማ ላይ ተቀመጠና ጉልበቱን አሸው።

«እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትዘጋኝ?» አለኝ።

«መቼ ዘጋሁህ? ሰላም እልሃለሁ።»

«እሱማ ግብር ሰብሳቢውም ሰላም ይለኛል።»

ልስቅ ነበር፤ ተናደድኩ። እንዲያስቀኝ አልፈልግም፤ እሱ በተለይ። «ለምን ጫንከኝ?» አልኩት። ስንት ዓመት ያመላለስኩት ነገር፣ ሲወጣ እንዲህ አጭር ሆነ።

ሀምዳን ወደ ሸራው አየ። «ልነግርህ ነበር የቆምኩት» አለ። «እዚያው መታጠፊያው ላይ። ቃሉን አዘጋጅቼ ነበር፤ ለሌላው ሁሉ የምለውን። አንተ 'ተሠራች እንዴ' አልከኝ። ፊትህን አየሁት። በዚያች ሞተር ደስ ያለው ሰው ካየሁ ቆይቼ ነበር። ከዚህ እስከ ደጃቸው ድረስ አባት ይኑረው አልኩ። ከዚያ ሌላ የምሰጥህ ነገር አልነበረኝም።»

መንገድ ላይ ባጃጆች ይጯጯኻሉ። አንዲት ዓሣ የያዘች ሴት ባጃጄ ውስጥ ገብታ ተቀምጣ «ትሄዳለህ ወይስ ልውረድ?» እያለች ነው።

«ትቼህ ባልፍና ክፍል ውስጥ ተቀምጠህ ሌላ ሰው ቢነግርህ ይሻል ነበር?» አለ ሀምዳን። «ወይስ እዚያው መንገድ ላይ፣ ብቻህን? ንገረኝ እስቲ። እኔ እስከ ዛሬ አላወቅሁትም።»

አፌ ላይ ብዙ ነገር መጣ። ስድቡም፣ ሌላውም። አጎቴ እጁን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ አንጋጦ ያየኛል፤ መልሱን የማውቀው ይመስል።

ዞር አልኩና ወጣሁ። ሴትየዋን ወዴት ነሽ ሳልላት ባጃጁን አስነሳሁ።